ሀጂን ተጻራሪ ያደረግኩበት ሳምንት

መማር ክፉ ነው አልልም። ግን እኔ በስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ ፊደል ቆጥሬ መጀመሪያ ያተረፍኩት ነገር ከጎረቤቴ ጋር መኳረፍ ነው። ይህን ስል ልጆቼ «አባዬ፣ ታጋንናለህ» ይሉኛል። እነሱ ምን አለባቸው፤ ቢሮ ነው የሚውሉት። እኔ የምውለው እህል በረንዳ ነው። እዚህ አንድ ቃል ከአፌ ካመለጠች ቀትር ሳይሆን በርበሬ በረንዳ ደርሳ፣ አስነጥሳ፣ ሌላ ልብስ ለብሳ ነው የምትመለሰው።

ያለ ፊደል መኖሬን ደግሞ አላፍርበትም። ጤፍ በጣቴ ነው የማነበው። ቆንጠር አድርጌ መዳፌ ላይ ካሸሁት ከየት እንደመጣ፣ ሲታጨድ ዝናብ አግኝቶት እንደሆነ፣ ያመጣው ሰውዬ ይዋሽ አይዋሽ ሁሉንም እነግራችኋለሁ። መዘዙ የመጣው ከፊርማዬ ነው። ልጄ አልማዝ አንድ ወረቀት ላይ ስፈርም አየችና «አባዬ፣ ዶሮ ሄደችበት እንዴ?» ብላ፣ ወረዳው ወደከፈተው የጎልማሶች ትምህርት ነድታ አስገባችኝ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት። ሱቄን ዘግቼ ደብተሬን በብብቴ ሸጉጬ ስወጣ ተሸካሚዎቹ «ዞር በሉ፣ ተማሪ ይለፍ!» ይላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ለኩንታል እንጂ ለእኔ መንገድ ለቀው አያውቁም ነበር።

መምህርታችን ሰላም ትባላለች። ልጅ ናት፤ ግን ስትቆጣ የጉምሩክ ሰው ትመስላለች። ፊደሉን እንደጨረስን እኔ በቃ ተመረቅሁ ብዬ ደብተሬን ሳጥፍ፣

«የት ነው አባባ? ገና ታሪክ እንጽፋለን» አለችኝ።

«የምን ታሪክ? የነገሥታት?»

«አይደለም፤ የፈጠራ ታሪክ። ልብ ወለድ።»

«ውሸት ማለትሽ ነው?»

«ውሸት አይደለም አባባ፤ ፈጠራ ነው።»

«እሱንማ መርካቶ ስማር አርባ ዓመቴ፤ ለምን ሌላ ክፍል አታስገቢኝም?» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ጠመኔዋን ግን አላስቀመጠችም።

እንግዲህ የነገረችንን በነገረችን መሠረት ልንገራችሁ። ታሪክ ውስጥ ያለ ሰው ገጸ ባሕርይ ይባላል። ለምን ሰው ብቻ እንደማይባል ጠየቅኳት። «እንስሳም ሊሆን ስለሚችል ነው» አለች። አንድ ነገር አጥብቆ የሚፈልገው፣ ታሪኩ እግር እግሩን የሚከተለው፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ነው። የሚፈልገውን እንዳያገኝ ፊቱ የሚቆመው ተጻራሪ ይባላል። ብቅ ብሎ የሚጠፋው ደግሞ ንዑስ ገጸ ባሕርይ ነው። ዋናውና ተጻራሪው ሲያያዙ ግጭት ይባላል፤ ይህን እንኳ ሳልማርም አውቀዋለሁ፣ ከዚህ ጦር ኃይሎች በሚኒባስ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ግጭቱ ከርሮ ከርሮ ከዚያ በላይ መክረር ሲያቅተው ጡዘት ነው። ከዚያ መፍትሔ። ከዚያ ወደ ቤት።

መጨረሻ ላይ ሴራ የሚባል ነገር አመጣች። ስሙን አልወደድኩትም፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው አለች። «‹ድመቷ ሄደች፤ ሽማግሌው አዘነ› ካላችሁ ነገሮቹ ተደረደሩ እንጂ ሴራ የለም። ‹ድመቷ ስለሄደች ሽማግሌው አዘነ› ካላችሁ ግን አንዱ ሌላውን ወለደ። ሴራ ማለት እሱ ነው። ስለዚህ ስትጽፉ በየመስመሩ ‹ለምን?› ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።»

ድመት ብላ ምሳሌ የሰጠችው እኔ በየቀኑ ስለ ድመቴ ሳወራ ስለሰማች ነው። እኔም ድመት ስትል ልቤ ሄደ። ስለ «ለምን» የተናገረችውን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህል ያለበት ቤት ድመት ከሌለ ባለቤቱ አይጥ ነው። የእኔዋ ዳማ ትባላለች፤ የማሽላ ጆንያ ላይ ተወልዳ፣ አራት ዓመት እኔ ጋ ኖረች። ግድግዳ የሚያዋስነኝ ጎረቤቴ ሀጂ ሸምሱ ነው፤ ምስርና ሽምብራ ይሸጣል። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ነን። ግድግዳችን ቆርቆሮ ስለሆነ እሱ ሲያስነጥስ እኔ «ይማርህ» እላለሁ፤ እኔ ሳስነጥስ እሱ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እኔ ስለምጾም የማን ሥጋ የሚባል ጣጣ የለም፤ እሱ ከቤቱ ቆጮና ጎመን፣ እኔ ሽሮዬን ይዤ አንድ ትሪ ላይ እንበላለን። እንዲህ ነበርን።

ባለፈው ክረምት እንደወጣ ዳማ ወደ ሀጂ ቤት ሄደች። ሄዳ ቀረች። ይባስ ብሎ ሀጂ «ሚሚ» ይላታል። እህል በረንዳ የተወለደች፣ የአይጥ ነፍስ የምታወጣ ድመት፣ ሚሚ! እኔ «ዳማ!» ብዬ ስጣራ አንድ ጆሮዋን ብቻ ታነሳለች። ሰውነቷን ለሀጂ ሰጥታ ለእኔ አንድ ጆሮ አስቀረችልኝ።

ስለዚህ የቤት ሥራው «የምታውቁትን ነገር አንድ ገጽ ጻፉ» ሲባል ሌላ ምን አውቃለሁ? ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የጻፍኩት ይኸውላችሁ፦

«አንድ ደግ ሽማግሌ ነበረ። ድመት ነበረችው። ጎረቤቱ ሀጂ ሸምሱ ወተት አሳይቶ ድመቷን አታለለ። ድመቷ ሄደች። ብርቄ ሻይ አመጣች። ሽማግሌው አልጠጣም። አለቀሰ።»

አላለቀስኩም። ግን ፈጠራ ነው ተብሏል።

ስሙን ለምን አልቀየርከውም ትሉኝ ይሆናል። ሌላ ስም ለመጻፍ ሌላ ሦስት ቀን ያስፈልገኝ ነበር። «ሸምሱ»ን ከሱቁ ሰሌዳ ላይ እያየሁ ነው የገለበጥኩት።

አሁን ጥፋቱ የት እንደጀመረ ልንገራችሁ። እኔ በሆዴ ማንበብ አልችልም፤ እዚያ ትምህርት ገና አልደረስንም። አፌን ከፍቼ፣ ድምፄን አውጥቼ፣ ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ ነው። ሰኞ ጠዋት ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ መለማመድ ጀመርኩ። «ጎ… ረ… ቤ… ቱ… ሀ… ጂ…» ስል ጤፍ ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ዘንቢሏን አስቀምጣ ቆመች። ከኋላዋ ሌላ ሰው ቆመ። ተሸካሚው ደምሴ አንድ ኩንታል ጀርባው ላይ እንዳለ ቆመ። አንድ ፊደል ላይ ስቆይ ሕዝቡ እያገዘኝ ገመተ። «አ… ታ…» ስል «አታለለ!» ብለው በአንድ ድምፅ ጨረሱልኝ።

ሻይ የምትሸጠው ብርቄ ብርጭቆዎቿን እንደያዘች መጣች።

«ጋሼ፣ እኔም አለሁበት አሉኝ?»

«አለሽ።»

«ምን ሆኜ?»

«ንዑስ ገጸ ባሕርይ። ሻይ ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ትሄጃለሽ።»

«ንዑስ?» አለች። ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። «ሃያ ዓመት ቆሜ ሻይ ስቀዳላችሁ ንዑስ? ደግሞስ ሻዬን ለምን አልጠጡትም? ሻዬ ምን ሆነ?»

«ስላዘንኩ ነው እንጂ ሻይሽ ምንም አልሆነም።»

«እሱንማ ማን ጻፈው? ሰው የሚሰማው አልጠጣም የሚለውን ነው! እንግዲያው ዛሬ ሻዩን ዋናዋ ታምጣልዎት» ብላ ሄደች። ሦስት ቀን ሙሉ በፊቴ የሚያልፈውን የሻይ ትሪ በዓይኔ ስሸኝ ሰነበትኩ።

ደምሴ ብቻ ነው ደስ ያለው። «ጋሼ፣ እኔ አልገባሁም አይደል?» አለኝ። አልገባህም ስለው «ተመስገን፣ ነገ ሀጂ ጋ ጭነት አለኝ» ብሎ ሄደ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄው ግን እኔ ሳነብ በስልኩ ከመቅዳት አላገደውም። ቀድቶም ለጓደኞቹ ላከ። የላከው ደግሞ ሙሉውን አይደለም፤ እኔ ስለምዘገይ ሰልችቶት «ሀጂ ሸምሱ… አታለለ» ያለው ላይ ቆርጦታል።

ከዚያ በኋላ ያለውን እናንተም ትገምቱታላችሁ። በርበሬ በረንዳ ሲደርስ ድመቷ ወድቃ ቀርታለች፤ ሀጂ ሰው አታለለ ሆነ። አውቶቡስ ተራ ሲደርስ የተታለለው አንድ መኪና ምስር ነው። ማክሰኞ ለሀጂ አንድ የድሮ ደንበኛው ከወራቤ ድረስ ደወለለትና «ምን ሆነህ ነው በስተርጅናህ?» አለው። ከሁሉ የባሰችው ደግሞ ያች ተጻራሪ የምትባል ቃል ናት። ሰው ሲጠይቀኝ እኔው ነኝ «ሀጂ እኮ ተጻራሪ ነው» እያልኩ ያስረዳሁት። ሌባ ቢባል ሰው ልኩን ያውቃል። ተጻራሪ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም የቻለውን ያህል አከፋው።

ሀጂ በሬ ላይ መጥቶ ቆመ። አልተቀመጠም።

«ጻፍክብኝ?»

«ፈጠራ ነው፣ ሀጂ።»

«ስሜንም ፈጠርከው?»

ደብተሬን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

«ሠላሳ ዓመት የፈለግከውን ስታወራብኝ ነበር፤ እኔም ሳወራብህ ነበር። እሱን ነፋስ ይወስደዋል። ይሄ ግን ወረቀት ነው። የልጅ ልጆቼ ፊደል ያውቃሉ። እኔ ከሞትኩ በኋላ አያታችን እንዲህ ነበር ወይ ብለው ቢጠይቁ ማን ይመልስልኛል? ቅደደው።»

እዚህ ላይ እሺ ብል ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። እኔ ግን እሺ የምትባለው ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ጉሮሮዬ ላይ ትቀመጣለች። «አልቀድም፤ የትምህርት ቤት ነው» አልኩ። ሀጂ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ሽሮዬን ይዤ ጠበቅሁ። አልመጣም። ሽሮው ቀዘቀዘ፤ ብቻዬን ስበላው ጨው የሌለው መሰለኝ፤ ጨው ጨመርኩበት፤ ከዚያ የማይበላ ሆነ። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ሆን ብዬ አስነጠስኩ። ከቆርቆሮው ወዲያ ዝም። በርበሬ አሽትቼ የእውነቱን አስነጠስኩ። ዝም። «ይማርህ» የሚለኝ ጠፋ። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ድመት ከሄደች ሌላ ድመት ይገኛል። ሠላሳ ዓመት «ይማርህ» ያለህን ሰው ግን ከየት ታመጣለህ?

ሐሙስ ጠዋት፣ የጭነት መኪኖቹ ሳይገቡ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስት ነበሩ፤ ሰብሳቢው አቶ ወልዴ ናቸው፣ የስንዴ ነጋዴ፣ በዚህ ሰፈር ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። በድመት ግን ተጠርተው አያውቁም። ጆንያ ላይ እንደተቀመጡ «ተጻራሪ ማለት ምንድን ነው?» ብለው ጀመሩ። እኔ ላስረዳ ብል «አንተ ተከሳሽ ነህ» አሉኝ። አዋቂ ይጠራ ተባለና ደምሴ ሄዶ መምህርት ሰላምን ይዟት መጣ። እኔ የታመምኩ መስሏት ስትሮጥ ነው የመጣችው። ጉዳዩን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅሁም።

«አባቶች፣ ተጻራሪ ማለት መጥፎ ሰው ማለት አይደለም» አለች። «ዋናው ገጸ ባሕርይ የሚፈልገውን እንዳያገኝ የሚያደርገው ማለት ነው።»

«ሌባ አይደለም?» አለ ሀጂ።

«አይደለም አባባ። በጣም ጥሩ ሰውም ሊሆን ይችላል። ዝናብም ሊሆን ይችላል።»

«ታዲያ ዝናብ ብሎ ቢጽፈኝ ምን ነበረበት!»

አቶ ወልዴ ጢማቸውን ዳበሱ። «እሺ። ይሄ ደጉ ሽማግሌ የተባለው የሚፈልገው ምንድን ነው?»

«ድመቷን» አለች ሰላም ደብተሬን እያየች።

«ድመቷስ የምትፈልገው ምንድን ነው?»

«እሱ አልተጻፈም። ወተት አይታ ሄደች ነው የሚለው።» ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ ጋ አራት ዓመት ስትኖር ወተት ይሰጧት ነበር?»

«ለድመት ወተት? አይጥ ሞልቶላት!»

«አሁንም አይጥ አለ?»

ዝም አልኩ። ዝም ስል ሰው ሁሉ የሰማኝን ያህል ስናገር ተሰምቼ አላውቅም።

«የለማ!» አለ ደምሴ ከዳር ሆኖ። «ነሐሴ ላይ ቀዳዳውን ሁሉ በሲሚንቶ ደፍነነው የለ እንዴ? አሸዋውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ራሳቸው ‹ከእንግዲህ አንድ አይጥ አይገባም› ብለው እየፎከሩ ነበር።»

ሲሚንቶውን ረስቼው ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ድመቷና ሲሚንቶው በአንድ ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም።

«እንግዲህ» አሉ አቶ ወልዴ፣ «ቀዳዳው ስለተደፈነ አይጥ ጠፋ። አይጥ ስለጠፋ ድመቷ ራባት። ስለራባት ሄደች። ሰውየው የሚፈልገውን እንዳያገኝ ያደረገው ማን ሆነ?»

«ራሱ!» አለ እህል በረንዳ በሙሉ።

መምህርቷ እጇን አጨበጨበች። «ሴራ ማለት ይሄ ነው! ደግሞ ሰው ከራሱ ጋር የሚጋጭበት ግጭት አለ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርታችን ነበር!» ደስ ያላት እሷ ብቻ ናት።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አንገቱን ይደፋ ነበር። እኔ ግን ተነሳሁና «ቢሆንም ወተቱስ? ወተቱን እኔ ነኝ የሰጠኋት?» አልኩ።

«ኧረ ተቀመጥ!» አሉኝ ሽማግሌዎቹ። «ሀጂ ወተት ሲሰጥ ያየ አለ?» ያየ የለም። እኔም አላየሁም፤ ከራሴ ነው ያመጣሁት፤ ፈጠራ ነው። ሁሉም በእኔ ላይ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ሀጂ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ሁለት ቀን… ሰጥቻታለሁ» አለ።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«ምን ላድርግ? ስትመጣ ጎኗ ገብቶ ነበር። ምሳዬን ስበላ ፊቴ ተቀምጣ ትጮሃለች። እየጮኸች ይወርድልኛል?»

«ሀጂ!» አለች ብርቄ ወገቧን ይዛ። «ታዲያ ያን ሁሉ ወተት ከእኔ ሲያስመጡ ለቃር ነው ይሉኝ አልነበር?»

ሳቁ በርበሬ በረንዳ ሳይሰማ አልቀረም። አቶ ወልዴ ዓይናቸውን በነጠላቸው እያበሱ ፍርድ ሰጡ። ደብተሩ አይቀደድም፤ ግን እኔ «ለምን» የሚባለውን ሳልዘል፣ ሲሚንቶውን ከነአሸዋው አስገብቼ፣ እንደገና እንድጽፍ። ጽፌም ሀጂ ሱቅ በር ላይ ሰው እየሰማ እንዳነብ። የመጀመሪያውን የሰማ ሁሉ ሁለተኛውንም ይስማ ተባለ።

«‹ደግ› የሚለውም ይውጣ» አለች ብርቄ።

«ደጉ አይወጣም!» አልኩ።

«ሻዬን ያልጠጣ ሰው ምኑ ነው ደግ?»

በዚህ ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ «ደግ» ወጥቶ «ሽማግሌ» ብቻ ቀረ፤ በምትኩ ሽማግሌው ሻዩን ሁለት ብርጭቆ እንዲጠጣ ተወሰነ።

ሀጂ ሽማግሌዎቹ ሲነሱ እጄን ጨበጠኝ። ግን ጣቱን ነው የሰጠኝ፤ እጁን አይደለም። እንዲህ ያለውን እርቅ አውቀዋለሁ። ሰው ፊት የታረቀ ሰው ከቆርቆሮው ኋላ ሲሆን ሌላ ነው። ዓርብም ምሳ ሰዓት «እንግዳ አለብኝ» አለና ቀረ። እንግዳ አልነበረበትም። ድምፅ በቆርቆሮ ያልፋል።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ገዢ ቀለል ሲል፣ ደብተሬን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። ሀጂ ሽምብራው ላይ ተደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ፤ ድመቷ ጭኑ ላይ ናት። አነበብኩ። ሲሚንቶውን አነበብኩ። አሸዋውን አነበብኩ፤ ደምሴ በገዛ ፈቃዱ ስሙ እንዲገባ ጠይቆ ስለነበር «አሸዋውን የተሸከመው ብርቱው ደምሴ» ስል ፉጨት ሰማሁ። «ጥፋቱ የሽማግሌው ነው። ጎረቤቱ አልበደለም» የሚለውን ለማንበብ ከሁሉ በላይ ቆየሁ። ፊደሉ ከብዶኝ አይደለም።

ወተቱ ጋ ስደርስ ግን ጣቴ ቆመ። ሰው ሁሉ ሊስቅ አፉን አዘጋጅቷል። ሀጂ ያን ቀን ቆቡን ሲያወልቅ የነበረው ፊት ታየኝ። መስመሩን ዘልዬ «ብርቄ ሻይ አመጣች» ወደሚለው አለፍኩ።

ሀጂ አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ወተቱስ?»

«ጽፌዋለሁ» አልኩት ቀስ ብዬ። «ሰው ስላለ ነው ያለፍኩት።»

«ማን እለፈው አለህ? አንብበው!»

አነበብኩት። «ድመቷ ስለራባት ጎረቤቱ አዘነላት። አንድ ሁለት ቀን ወተት ሰጣት።» ሰው መሳቅ ጀመረ፤ ሀጂ እጁን ሲያነሳ ዝም አለ።

«አንድ ሁለት ቀን አይደለም» አለ።

«አንተው ነህ እኮ ያልከው።»

«ሽማግሌ ፊት አፍሬ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በየቀኑ ነው። ጠዋትም ሰጥቻታለሁ። አስተካክል።»

«አሁን?»

«አሁን! ነገ ትረሳዋለህ፤ ሲሚንቶውን ረስተህ የለ?» አለና ከሽምብራው ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ተቀመጥኩ። እርሳሴን አወጣሁ። ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ እያንዳንዷን ፊደል ይከታተላል፤ አማርኛ አያነብም፤ ግን «ይቺ ጠማማ ናት፣ አቃናት» ይላል። አቃናሁለት። ሰው ተበተነ። ብርቄ ሳትጠየቅ ሁለት ሻይ አስቀምጣልን ሄደች።

አንዲት ገዢ በሩ ላይ መጥታ «ሀጂ፣ ምስር ይስፈሩልኝ እንጂ!» ብላ ተጣራች።

ሀጂ ዓይኑን ከደብተሬ ሳይነቅል እጁን አወዛወዘላት።

«ቆይ ልጄ» አላት፣ «እየተጻፍኩ ነው።»